ላይኛው መደብ፣ ታችኛው መደብ

ዶማ ይዛችሁ ወደ ጓሮ ስትወጡ የጎረቤት መስኮት ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የመጋረጃው ጫፍ ገለጥ ብሎ ቆይቶ፣ እናንተ ቀና ስትሉ ተመልሶ ሲወድቅስ? ምንም ሳታጠፉ እጃችሁ ዶማው ላይ እንደ ሌባ እጅ ከብዷችሁ ያውቃል? ይህ ሁሉ በእኔ ደርሷል። ቦታው ባሕር ዳር፣ ዘመኑ የደርግ፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። ምክንያቱ ደግሞ ጎመን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬም አመሌም ነው።

ያደግሁት ዳንግላ ነው። በእኛ አገር ጓሮ የሌለው ቤት በር እንደሌለው ቤት ይቆጠራል። የእርሻ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ባሕር ዳር ስመደብ፣ ቀበሌው ቤት ሲሰጠኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ጣሪያው ወይም ስለ ወለሉ አልነበረም። «ጓሮ አለው?» ነበር ያልሁት። ቁልፉን የሰጠኝ ሰው ቀና ብሎ አየኝና፣ «አለው። ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ያን ጊዜ ጥያቄው ጥያቄ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቤቱ ረጅም የጭቃ ቤት ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ጫፍ የእኔ፣ ሌላው የጎረቤቶቼ ነበር። ጎረቤቶቼ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው ከወሎ የመጡ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ፣ ቀን ተኝተው ማታ የሚወጡ ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ሚስትየዋ የዚያው የባሕር ዳር ሰው፣ ዝምተኛ፣ እናቴ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው ሴት፤ እሳቸውን ደግሞ «እትዬ» እላለሁ። ከቤቱ ጀርባ እስከ ቅንጭቡ አጥር ድረስ ወደ ሐይቁ ዘንበል ያለ ሰፊ ጓሮ አለን። ከአጥሩ ማዶ ሰው ልብስ ሊያጥብ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት ቀጭን መንገድ ያልፋል። ይህን መንገድ በልባችሁ ያዙት፤ በኋላ ይመጣል።

ሚያዝያ የጓሮ ሥራ የሚጀመርበት ወር ነው። ክረምት ሲገባ የሚቆፍር ሰው የሚቆፍረው ጭቃ ነው። አስተዋይ ሰው መሬቱ ደረቅ ሳለ ይቆፍራል፤ የሰርዶው ሥር ወጥቶ ፀሐይ ይመታውና ይሞታል። ፍጉን ቀድሞ ያስገባል፤ ዝናቡ እስኪመጣ ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል። ችግኙን በጥላ ሥር ያፈላል፤ የሰኔ ዝናብ ሲደላደል ወደ ማሳው ያዛውራል። በዚያ ሰሞን ከየአጥሩ ጀርባ የዶማ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከእኛ ጓሮ በቀር።

የእኛ ጓሮ ጦሙን አድሮ ነበር። እትዬ ግን ተክል የማይወዱ ሴት አልነበሩም። በራቸው ላይ የዘይት ጣሳዎች፣ የተሰነጠቀ እንስራ፣ አንድ ሽንት የጠጣ የሚመስል አሮጌ ፖፖ ሳይቀር ተደርድሮ፣ በውስጣቸው በሶብላ፣ ጤና አዳምና ሁለት ሦስት እግር በርበሬ ነበር። ያን የሚያህል መሬት አጠገባቸው ተዘርግቶ በጣሳ የሚተክሉት ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

«እትዬ፣ ይህን የመሰለ መሬት እያለ ለምን በጣሳ?» አልኋቸው።

«ለእኔ ይበቃኛል። እርስዎ እንደፈለጉ» አሉኝ።

«እርስዎ» አሉኝ። ሃያ ምናምን ዓመት የሚበልጡኝ ሴት ናቸው። በእኛ በኩል ሽማግሌን፣ ካህንን፣ የማያውቁትን እንግዳ እርስዎ ማለት ወግ ነው፤ ግን አንዲት ጎረቤት ልጇን የምታክል ሴት አንድ ሳምንት ካየች በኋላ አንቺ ነው የምትላት። እኔ የመምህርነት ክብር መስሎኝ ደስ አለኝ። የሚጠረጥሩትን ሰው አንቺ እንደማይሉት ገና አልተማርሁም ነበር።

በአንድ ቅዳሜ ጧት ዶማዬን ይዤ ወጣሁ። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፤ ከመትከላችሁ በፊት አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩና የአፈሩን ቀለም ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ከላይ ጥቁርና ፍርፍር ያለው አፈር ይገኛል፤ ተክል የሚበላው እሱን ነው። ከታች ቢጫ ወይም ቀይ፣ የሚያጣብቅ ሸክላ ይመጣል። መሬት ሳይነካ ሲቀመጥ በዚህ ተራ ነው የሚተኛው። እኔ የቆፈርሁት ጉድጓድ ግን ተገልብጦ ነበር። ቢጫው ሸክላ በጓል በጓል ሆኖ ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች። ፈንጠር ብዬ ሌላ ቆፈርሁ፤ ያው። አጥሩ ሥር ሌላ ቆፈርሁ፤ ያው ነው። ጓሮው ሣር እንኳ በደንብ ያላበቀለው ለምን እንደሆነ ገባኝና ተደሰትሁ። አንድ ነገር ሲገባኝ ለሌላ ሰው ካልነገርሁ አይሆንልኝም። እትዬ በራቸው ላይ ጣሳዎቻቸውን ውኃ እያጠጡ ነበር።

«እትዬ! ይህን ጓሮ ማን ነው እንዲህ በጥልቀት የቆፈረው?»

ውኃው ከጣሳው አልፎ እግራቸው ላይ ፈሰሰ።

«እኔ ምን አውቄ። ውሻ ይሆናል።»

«ውሻ ክንድ ሙሉ አይቆፍርም» አልሁ፤ አፈሩን በእጄ ይዤ ቀረብ ብዬ። «ይኸው ይዩት፤ ቢጫው ከላይ መጥቷል። ደግሞ አንድ ቦታ አይደለም፤ ጓሮው በሙሉ ነው። የሚዘራ ሰው እንዲህ አይቆፍርም። ይህ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው አቆፋፈር ነው።»

እትዬ እጄ ላይ ያለውን አፈር አላዩም። እኔን አዩኝ። ከዚያ «ወጥ ጥጄ ነው» ብለው ገቡ። ጭስ ማውጫቸው ላይ ጭስ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው መስኮቱ መዘጋት፣ መጋረጃው መገለጥ የጀመረው። ግድግዳችን የጋራ ስለነበረ ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር፤ አሁን እኔ ቤት ስገባ ይቋረጣል። ጓሮ ስወጣ እትዬ ያልደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ ያነሳሉ። ቆሜ ስቆፍር መጥረጊያ ይዘው የተጠረገ ደጅ ይጠርጋሉ። ጥርጣሬ ደግሞ እንደ ሰርዶ ነው፤ ከአንዱ አጥር ሥር ሥሩን ሰዶ በሌላው በኩል ብቅ ይላል። እኔም ማየት ጀመርሁ። እኚህ ሴት ምን ያዩብኛል? ያዩትን ለማን ይነግራሉ? ቀበሌ ቤት ሲሄዱ ለስኳር ነው ወይስ ለሌላ?

ትምህርት ቤት አንድ አዛውንት የሒሳብ መምህር ነበሩ። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት፣ ከሌሎቹ ራቅ ብለን ሜዳው ዳር ቆመን ሳለን፣ ስለ አፈሩ ነገርኋቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ያ ቤት የማን እንደነበረ የነገረሽ የለም?»

«የለም።»

«የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ነበር የሚኖርበት። ወረቀት ቀብሯል ተብሎ መጡበት፤ እሱን ወሰዱ፤ ጓሮውን ቆፈሩት። ምን እንዳገኙ አላውቅም። እሱን ግን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።» መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። «አንቺ ደግሞ እዚያው ገብተሽ ዶማ አነሳሽ! በይ ተይው። ጎመን ከገበያ ይገዛል።»

ቤት ስገባ ግድግዳዬ ላይ እስከዚያ ያላስተዋልኋቸውን የምስማር ቀዳዳዎች አየሁ። አራት ማዕዘን ሠርተዋል። ካርታ የተሰቀለበት ነው።

አሁን ሁሉም ተገለጠልኝ። እትዬ መሬቱን የማይነኩት ለምን እንደሆነ፤ እኔን እርስዎ የሚሉኝ ለምን እንደሆነ። በእሳቸው ዓይን እኔ ከሁለት አንዷ ነበርሁ። ወይ የቀረውን ወረቀት ልትፈልግ የመጣች የሰውየው ጓደኛ፣ ወይ ደግሞ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያውቁ ልታጣራ የተላከች የቀበሌ ጆሮ። «አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው አቆፋፈር ነው» ብዬ በአፌ ነግሬያቸዋለሁ!

ለምን አላቆምሽም ትሉኝ ይሆናል። አስቤበታለሁ። በዚያ ዘመን መቆፈር መጥፎ ነበር፤ ቆፍሮ ማቆም ግን የባሰ ነው። ጀምሮ ያቆመ ሰው፣ የሚፈልገውን አገኘ ይባላል። ከእንግዲህ የሚያድነኝ አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እሱም ጎመኑ። ጎመኑ ከበቀለ ጎመን ስተክል ነበር፤ ካልበቀለ ምን ስቆፍር ነበር? በሕይወቴ የጎመን ዘር እየቆጠርሁ የዘራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሥራዬን ሁሉ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ማድረግ ጀመርሁ። ጓሉን በዶማ ጀርባ ሰበርሁ። ሰርዶውን ነቅዬ እንደ ስጥ በግልጽ አሰጣሁት። ከጋሪ ነጂ ፍግ በጆንያ ገዝቼ አስገባሁ። ጆንያው በር ላይ ሲወርድ ጋሼ ከእንቅልፍ ተነሥተው ብቅ አሉ።

«መምህርት፣ በጆንያው ምን አለ?»

«ፍግ ነው፣ ጋሼ።»

ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «እውነትሽን ነው። ይህን ደግሞ አስመስሎ የሚሠራው የለም።» ከዚያ ሳቅ እያሉ፣ «ያ ዶማሽ ግን የሚኮተኩተው የእኔን እንቅልፍ ነው። ትላንት በህልሜ እኔንም ቆፈርሽኝ» አሉኝ።

ከኋላቸው የእትዬ ድምፅ መጣ። «እርስዎ በላት። መምህርት ናት።»

ጋሼ ሳቃቸውን ዋጡና ገቡ።

መሬቱ ወደ ሐይቁ ስለሚያዘነብል ሁለት መደብ አወጣሁ። መደብ ማለት፣ ለማያውቅ፣ አፈሩ ከመሄጃው ከፍ ተደርጎ የሚስተካከል የተክል መኝታ ነው፤ ውኃ እንዳይተኛበት ነው ከፍ የሚለው። አንዱን ከላይ በቤቱ በኩል፣ ሌላውን ከታች በአጥሩ በኩል። ጎመኑን በሁለቱም ዘርቼ ሣር ጎዘጎዝሁበት፤ በምስማር በበሳሁት ጣሳ ጧትና ማታ አጠጣሁ። ከላይኛው ላይ ቡቃያው እንደ ጥሩ ተማሪ ቀጥ ብሎ ወጣ። ከታች ያለው ግን ቢጫ ሆነ፤ ሳሳ፤ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። እንቅልፍ ነሳኝ። ግማሽ ጎመን ግማሽ የምስክር ቃል ነው፤ ግማሽ ቃል ደግሞ ማንንም አያድንም።

በኋላ ምክንያቱን ደረስሁበት። ጣሳዬ የሚያርሰው ላይ ላዩን ነው፤ ከሥር ወደ ታች መውረድ ያለበትን ውኃ ቢጫው ጓል ከላይኛው መደብ ሥር ተጋድሞ እዚያው ገድቦ ያስቀረዋል። ይህን ባወቅሁበት ቀን ጋሼ ለፈረቃቸው ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

«ያ የታችኛውሽ ምን ሆኖ ነው? የታመመ ይመስላል» አሉኝ።

ከጠየቁኝ ደግሞ አልቆምም። በክፍል ውስጥ የማወጣውን ድምፅ አወጣሁ።

«ቀላል ነው፣ ጋሼ! ላይኛው መደብ ውኃውን ሁሉ ለብቻው እየጠጣ ለታችኛው መደብ አያሳልፍም። ላይኛው ጠግቧል፤ ታችኛው በጥም እያለቀ ነው። ስለዚህ ላይኛውን እናፈርሰውና ታችኛውን እናነሳዋለን። ከዚያ ሁሉም ትክክል ይሆናል!»

ከቅንጭቡ ማዶ፣ በመንገዱ ላይ ይሰማ የነበረ የእግር ኮቴ ቆመ። ጋሼ ጫማቸውን ማሰር አቆሙ። ከኋላዬ መስኮቱ ተዘጋ። ምን እንዳልሁ እኔ ራሴ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወጣት አንባቢ ካለ ላስረዳው። በዚያ ዘመን መደብ የሚለው ቃል በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው፣ በየግድግዳው ላይ ነበር። ጨቋኝ መደብ፣ ጭቁን መደብ፣ የመደብ ትግል። ገበሬው ለጎመኑ ያወጣው ቃል ነበረ፤ ተወስዶበት ሌላ ሥራ ተሰጠው። ስለ ላይኛውና ስለ ታችኛው መናገር የሚችለው የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ላይኛው ማን እንደሆነ፣ ማንስ የማንን ውኃ እንደሚጠጣ የሚናገር ሰው ይጠየቃል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ አብዮት ጠባቂ በራፌ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሊቀ መንበሩ ይፈልግሻል።»

ዞር ብዬ የእትዬን መስኮት አየሁ። መጋረጃው ወደቀ። እሳቸው ናቸው አልሁ በልቤ። እሳቸው ናቸው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ሰው ነበር። ቁጭ በይ አላለኝም።

«ጓድ መምህርት፤ ላይኛው መደብ ውኃውን ለብቻው ይጠጣል ብለሻል።»

«ብያለሁ፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«ይፍረስ ብለሻል።»

«ብያለሁ። ግን...»

«ላይኛው ማን ነው?»

«ቤቱ በኩል ያለው።»

«የማን ቤት?»

«የእኔ! ጎመን ነው፣ ጓድ። የጎመን መደብ ነው።»

ጠባቂው አፉን በእጁ ያዘ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ።

«ከአንቺ በፊት እዚያ ቤት የነበረው ሰው ያን ጓሮ ሲቆፍር ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እሱም አትክልት ነው ያለው።» ተነሣ። «በይ እንሂድ። አትክልቱን አሳዪን።»

ሦስታችን ወደ ቤት ሄድን። ጠባቂው ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት አካፋ ይዞ ነበር። ጓሮ ስንገባ ሊቀ መንበሩ ችግኞቹን ዞሮ አየ፤ በጫማው ጫፍ የመደቡን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገ።

«ጎመን መሆኑንስ ጎመን ነው» አለ። «ከሥሩ ምን እንዳለ ግን ጎመን አይነግረንም። ይቆፈር።»

«ችግኙስ?» አልሁ። ያለኝ ምስክር እሱ ብቻ ነበር፤ አሁን ሊነቀል ነው። ጎመኑ ከተነቀለ በኋላ የሚቀረው ጉድጓድና እኔ ነን።

እትዬ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ሳይሆኑ ፊት ለፊት ያየኋቸው ገና አሁን ነው። እኔን አዩኝ፤ ሊቀ መንበሩን አዩት፤ አካፋዎቹን አዩ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ፤ ምን እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልገባኝም። ጎንበስ አሉና የመጀመሪያውን የዘይት ጣሳ አነሡ። በሶብላውን ከነሥሩ መዝዘው መሬት ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። እንስራውን። ፖፖውንም። ከዚያ ባዶ ጣሳዎቻቸውን ታቅፈው በሊቀ መንበሩ ፊት አልፈው እኔ ዘንድ መጡ።

«ችግኙ ከነአፈሩ ይምጣ ወይስ ተራግፎ?» አሉኝ።

«ከነአፈሩ» አልሁ።

አጠገቤ ተንበረከኩ። ሊቀ መንበሩ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እናት፣ ይህች ልጅ ስለ መደብ ስትናገር ሰምተዋል?»

አልሰማሁም ቢሉ ማንም የሚጠይቃቸው አልነበረም። ሰው ሁሉ አልሰማሁም የሚልበት ጊዜ ነበር። እትዬ ቀና ሳይሉ መለሱ።

«ሰምቻለሁ። መች ዝም ብላ ታውቃለች! ከመጣች ጀምሮ መደብ፣ ችግኝ፣ ፍግ፤ ራሳችንን ነው ያዞረችው። አባወራዬን በዶማ እንቅልፍ ነስታው በህልሙ ተቆፍሯል። ይልቅ እሷን ወስደህ ቀበሌው ግቢ አስኮትኩታት፤ እኛም እንተኛበት።»

ጠባቂው ከዚህ በኋላ ሳቁን መያዝ አልቻለም። ሊቀ መንበሩም ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

ቁፋሮው ግን አልቀረም። እኔ ከጣሳዎቹ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ጠባቂው አካፋውን አስገብቶ ቢጫውን ከጥቁሩ ጋር እያደባለቀ ወዲያና ወዲህ መበተን ሲጀምር ግን ምን ልበላችሁ፣ ፍርሃቴ ሳይጠፋ አፌ ቀደመኝ።

«አይ! አይ! እንደሱ አይደለም! ጥቁሩን በቀኝ፣ ቢጫውን በግራ! ሁለቱ ከተቀላቀሉ መሬቱ ይበላሻል!»

ጠባቂው አካፋውን በአየር ላይ ይዞ ሊቀ መንበሩን አየ። ሊቀ መንበሩ እኔን አየ።

«እንዳለችህ አድርግ» አለ።

ስለዚህ ጥቁሩ በቀኝ፣ ቢጫው በግራ ሆነ። አንድ የተሰበረ ጠርሙስ ወጣ፤ የከብት ቀንድ ወጣ፤ የሕፃን ልጅ ጫማ ወጣ። ጫማውን ሊቀ መንበሩ በእግሩ ጫፍ ገልብጦ አየውና ተወው። ሌላ ምንም አልነበረም። ሲመልሱት፣ ትእዛዝ በቃኝ ብዬ አላቆምሁም፣ ቢጫውን ከታች ጥቁሩን ከላይ አስመለስኋቸው። ሲሄዱ ጠባቂው ላቡን እየጠረገ፣ «ጓድ መምህርት፣ የክፍያው ነገርስ?» አለኝ። ሊቀ መንበሩ ከፊት ሆኖ፣ «ጎመኑ ሲደርስ አያለሁ» አለ። ቀልድ ይሁን ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እኔና እትዬ ብቻችንን ቀረን። ጣሳዎቹ ዙሪያችን ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዳቸው የጎመን ችግኝ ቆሟል። እጃችን እስከ ክንድ ጭቃ ነበር።

«የቀበሌ ሰው መስለሽኝ ነበር» አሉኝ።

አንቺ አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ለጥቂት ጊዜ አልሰማሁም።

«...የቀበሌ ሰው ብትሆኚ ኖሮ ቀበሌ አይቆፍርብሽም ነበር። አካፋውን ሳይ ነው የገባኝ» አሉ። ከዚያ በሶብላቸውን አንሥተው ሥሩን አራገፉት፤ ደርቋል። «ያን ልጅ ሲወስዱት እኔ በዚያ መስኮት ነበርሁ። ታውቂዋለሽ ወይ አሉኝ፤ አላውቀውም አልሁ። በጧት በጧት እንደምን አደሩ የሚለኝን ልጅ።»

የማላስረዳው ነገር ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያው ነበር።

ዝናቡ ሰኔ ላይ ተደላደለ። በገመድ መስመር ይዤ አዲስ መደቦች አወጣሁ። እትዬ ከኋላዬ ሆነው፣ «ነይ እስቲ፣ ገመድሽ ጠሟል፤ አስተማሪ ነኝ ትያለሽ እንጂ» እያሉ አቃኑኝ። በዚያ ጓሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸውን አስገቡ። መሬቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በባሕር ዳር ከነበሩት ጓሮዎች ሁሉ የተሻለ ተቆፍሮ ነበር፤ የመንግሥት ጉልበት ነው የቆፈረው። ጎመኑ ቅጠሉ የሕፃን ማዘያ አክሎ ወጣ። ጋሼ ከፈረቃቸው ሲመለሱ፣ «ዛሬስ የትኛውን መደብ ነው የምንበላው?» ይሉ ነበር፤ ቀስ ብለው፣ ወደ አጥሩ ዞር ብለው አይተው።

ከአጥሩ ማዶ ቆሞ የሰማኝ ማን እንደነበረ አላወቅሁም። ጠባቂው በኋላ ችግኝ ሊለምነኝ መጥቶ ነበር፤ ሳልጠይቀው ሰጥቼ ሸኘሁት። አንዳንድ ጊዜ እትዬ በጣሳ ሲያጠጡ ከኋላ አይቻቸው፣ ነገሩን ያደረሱት እሳቸው ቢሆኑስ፣ ሊፈትኑኝ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልብኝ ነበር። ሰርዶ እንዲህ ነው፤ ነቅዬ ጨረስሁ ስትሉ አንድ ቁራጭ ሥር ይቀራል። አልጠየቅኋቸውም። የግድግዳዬን የምስማር ቀዳዳዎችም አልደፈንሁም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ጓሯችሁ ውስጥ አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩና የአፈሩን ቀለም ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ጥቁሩ ከላይ ከሆነ ዝሩ፤ ሳይገለብጥ ያቆየላችሁን ሰው አመስግኑ። ቢጫው ከላይ ከሆነ ግን ከእናንተ በፊት አንድ ሰው እዚያ ቆፍሯል፤ ማን እንደሆነ ጎረቤታችሁ ያውቃል። ሂዱና ጠይቁ። እኔ እንዳደረግሁት አፈር ጨብጣችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሳይሆን፣ ሁለት እግር ችግኝ በጣሳ ይዛችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ። እስቲ ሞክሩት።